ፓንግሊማው ያጎነበሰ ዕለት

ከቦንጋዎ ማዶ፣ ከመልህቃችን ላይ
በሙሐረም ወር፣ ጃፓኖች በመጡ በሁለተኛው ዓመት

ለልጄ ለኢንታን፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ልጅሽን ታቅፈሽ እንደሆነ፣ መጀመሪያ አንገቱ ሥር አሽትተሽ ሳሚልኝ። ከዚያ ሙክሲንን ጥሪውና አጠገብሽ ይቀመጥ፤ ጉዳዩ ባልሽንም ይመለከታል። እኛ ደህና ነን። ካሳቫ አለ፣ ዓሣ አለ፣ ሩዝ የሚባል ነገር ግን ካየን ቆየን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኛል፤ ከዚህ በቀር የሚያማርረኝ የለም።

የምለምንሽን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም። ጨረቃ በሞላች ማግሥት ጠዋት አንዲት አዲስ ጀልባ ወደ እናንተ የኮራል በር ትመጣለች። ሦስት እንግዶች ይዛለች። ጃፓኖች እየፈለጓቸው ነው። መግቢያዋን የሚያውቅ ሰው ወጥቶ ካልመራት አለቱ ላይ ተቀምጣ ትቀራለች፤ ቀኑን ሙሉ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ስትታይ ትውላለች። ሙክሲን ወጥቶ እንዲያስገባት እፈልጋለሁ። አንዴ ከገባች ማንም አይደርስባትም። የእነሱ ሞተር ጀልባ የእናንተን ጥልቀት የሌለው ውሃ አይደፍርም።

መሪዋን የሚይዘው አጎትሽ ነው። እዚህ ላይ ደርሰሽ ደብዳቤውን አትጣዪው።

እሱ ያለውን አልረሳሁም፤ አንቺም ያልሽውን አልረሳሁም። ከሙክሲን ጋር ስትኮበልዪ እንደ ልማዳችን ከለላ ልትጠይቁ ወጣችሁ፤ የወጣችሁት ግን የሌላ ፓንግሊማ፣ የሌላ የጀልባ አለቃ፣ ጀልባ ላይ ነበር። ወንድሜን ያንገበገበው ጋብቻው አልነበረም። «እኔ ፓንግሊማ አይደለሁም? የእኔ ጀልባ ጣሪያ የላትም?» እያለ ያንኑ መረብ ሲቋጥርና ሲፈታ ሰነበተ። ከዚያ «እሷ ባለችበት ውሃ መልህቄን አልጥልም» አለ። አንቺም «አንገቱን እስኪደፋ ድረስ ዓይኑን አላይም» ብለሽ ላክሽ። ሁለታችሁም የወረሳችሁት የእናቴን ግትርነት ነው፤ ለእኔ ምንም አላስቀራችሁልኝም። ለጋብቻሽ የጀመረልሽ ጀልባ አጥንቷ እንደ ገጠጠ ባሕር ዳር ተጥላ ቀረች። «ሸርጣን ይኑርባት» አለ፤ ኖረባትም።

እንግዶቹን ታውቂያቸዋለሽ። ቦንጋዎ ወደቡ አጠገብ ሱቅ የነበራቸው ቻይናዊው ሽማግሌ፣ ባለሱቅ ስለሆኑ ቶኬ የምንላቸው ኪያት፣ ከምራታቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ናቸው። ጨውና ክብሪት በአሮጌ ጋዜጣ ሲጠቀልሉልኝ፣ ፊደል እንደምለቅም ካወቁ በኋላ ያልተቀደደውን ይመርጡልኝ ነበር። ልጃቸውን ጃፓኖች አንድ ጠዋት ከሱቁ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። የልጃቸው ሚስት ቢሊያን አማቷንና ልጇን ይዛ በተበደረችው ታንኳ ወደ እኛ ቀዘፈች። መቅዘፍ ስለማትችል ታንኳዋ እየዞረች ነበር የመጣችው። በመጀመሪያ የሰከረ ሰው መስሎን ስቀናል።

አጎትሽ መረብ እየጠገነ ነበር። ሽማግሌው ታንኳው ውስጥ እንዳሉ እጅ ነሡና «ፓንግሊማ፣ ዛሬ የምሸጥልዎ ነገር የለኝም» አሉ።

«ተመስገን ነው» አለ አጎትሽ። «አውራ ጣትዎን ሚዛኑ ላይ ሳይጭኑ ሳይዎት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሽማግሌው ሊስቁ ፈልገው ፊታቸው እምቢ አላቸው። ቢሊያን ግን ጊዜ አላጠፋችም። ልጇን በብብቷ አንሥታ የጀልባችን ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻት። ልማዳችንን ታውቅ አታውቅ እስካሁን አልጠየቅኋትም። የፓንግሊማ ጀልባ ላይ ወጥቶ የተጠለለ ሰው ወደ ውሃው አይመለስም፤ አንቺ ይህን ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። አጎትሽ ልጅቷን አየ፣ እናቷን አየ፣ ወደ እኔ ዞረና «ሳራፒያ፣ ካሳቫው ለስንት ሰው ይበቃል?» አለኝ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ለሁሉ ግን አላለቀም። የአክስታችን ልጅ ሳቢሪ ከጀልባው ተሻግሮ መጣ። ሲቆጣም እንደ ታላቅ ወንድም «ካካ» ነው የሚለው። «ካካ፣ ለሦስት ሰው ብለህ ጀልባዎቻችንን ሁሉ ልታስቃጥል ነው? የመሬት ሰዎች ናቸው። መሬት የላቸውም እንዴ?»

«ቢኖራቸው እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለ አጎትሽ። «የፈራ መልህቁን ይንቀል። አልቀየመውም፤ ስሙንም አላነሣም።»

አንድም ሰው አልነቀለም። ሳቢሪ ራሱ ምሽት ላይ አንድ ዘለላ ዓሣ አንጠልጥሎ መጣና «ለልጅቷ ነው፤ ለአንተ አይደለም» ብሎ ጥሎት ሄደ።

ከእኛ ጋር መኖርን ተማሩ። ሽማግሌው ባሕሩ ያጥወለውላቸዋል። «ይህ ወለል መቼ ነው የሚቆመው?» ብለው ሲጠይቁ አጎትሽ «እርስዎ ሲተኙ» ይላቸዋል። ቢሊያን ዓሣ መሰንጠቅ፣ ገመድ መቋጠር፣ እንደ እኛ እግር አጥፎ መቀመጥ ያዘች። የእናትና የልጅ ፊት ከፀሐይ የራቀ ነጭ ነው፤ እሱን እንኳ መደበቅ ቀላል ነበር። እኛ ሴቶቹ ፀሐይ እንዳያቃጥለን በየጠዋቱ የምንቀባውን ሩዝና እርድ ቀባኋቸው፤ ሩዙ ስለሌለ በካሳቫ ዱቄት። ከዚያ በኋላ ቢሊያንን ከሳቢሪ ሚስት የሚለያት አልነበረም። የሳቢሪ ሚስት እንዲያውም «እሷ ስትቀባው ያምርባታል» ብላ አኩርፋኛለች። ትንሿ ስዊም ስምንት ዓመቷ ነው። ቋንቋችንን ከሁሉ ቀድማ የያዘችው እሷ ናት፤ ስድቡንም ጭምር።

እና አንድ ጠዋት የጥበቃው ሞተር ጀልባ መጣ።

ልንሸሽ አልሞከርንም፤ የሚሸሽ ይታያል። ሽማግሌውን ጣሪያው ሥር አስተኝተን ምንጣፍ አለበስናቸው፤ ሌላው በያለበት ሥራውን ቀጠለ። ወታደሮቹ ከሞተር ጀልባው ፊት ለፊት ጫፍ ላይ ቆመዋል፤ አስተርጓሚው አብሯቸው አለ፣ ቋንቋችንን የሚያውቅ የከተማ ሰው። ስንት ነን፣ ምን እናጠምዳለን፣ የከተማ ሰው አይተናል ወይ እያለ ይጠይቃል። አጎትሽ ተቀምጦ ይመልሳል። ሁሉም በደንብ ሄደ። ሊሄዱም ሞተሩን አስነሥተው ነበር።

ስዊም ተነሣች። እጆቿን ጎንና ጎኗ ላይ ለጥፋ ከወገቧ ታጥፋ አጎነበሰች።

ከተማ ውስጥ ወታደር ሲያልፍ ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ያላደረገ በጥፊ ይመታል። ልጅቷ በጥፊ ነው የተማረችው። የእኛ ልጆች ግን ለማንም አጎንብሰው አያውቁም። ጀልባ ላይ ወታደር ሲያልፍ የሚነሣ ልጅ ከየት ይመጣል? አስተርጓሚው ይህን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። ሞተሩን አስጠፋው።

«ይህቺን ማን አስተማራት?» አለ።

ቢሊያን የሰነጠቀችውን ዓሣ እንደ አዲስ መሰንጠቅ ያዘች።

አጎትሽ ተነሣ። ኢንታን፣ ይህ ሰው ሱልጣኑ ጀልባው ላይ በወጡ ጊዜ እንኳ ቆሞ ዓይን ለዓይን እያየ እጃቸውን የጨበጠ ሰው ነው። ተነሣና እንደ ልጅቷ እጁን ጎኑ ላይ ለጥፎ አጎነበሰ። በጣም ዝቅ አለ። ዝቅ ከማለቱ ብዛት የራሱ መጠምጠሚያ ወልቆ ባሕር ውስጥ ገባ።

«ልጆቹ ናቸዋ» አለ እንደ ታጠፈ። «ገበያ ወስደናቸው ነበር፣ እዚያ አይተው መጡ። አሁን እኛንም ካልተማራችሁ እያሉ ያስቸግሩናል። ይህቺማ ለዶሮ ሳይቀር ነው የምታጎነብሰው።»

ያኔ ሳቢሪ ከጀልባው ላይ ተነሥቶ አጎነበሰ። ሚስቱም። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው በየጀልባው እየተነሡ መታጠፍ ጀመሩ። አንዱ ሚዛኑን ስቶ ውሃ ውስጥ ወደቀ። ስዊም ግራ ገብቷት ዞረችና ለአጎትሽ አጎነበሰች። ወታደሮቹ ሳቁ። አስተርጓሚው ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከስዊም ላይ ትንሽ ቆየ።

«ፓንግሊማ፣ በእርጅናዎ ሥርዓት ተማሩ» አለው።

«መማር ያረጃል እንዴ?» አለ አጎትሽ።

«እንግዲያው ጨረቃ ስትጠፋ እንመለሳለን። በየጀልባው ያለውን ሰው ከነስሙ እንቆጥራለን። አንድ ሰው እንዳይጎድል፣ አንድ ሰው እንዳይተርፍ።»

ሞተር ጀልባው ራቀ። መጠምጠሚያውን ቢሊያን በመቅዘፊያ አወጣችው፣ ጨመቀችው፣ በሁለት እጇ ሰጠችው። ስዊም ያጠፋችው አሁን ገብቷት አለቀሰች። አጎትሽ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አላጠፋሽም» አላት። «አንገቴ ይታጠፍ አይታጠፍ አላውቅም ነበር። ይታጠፋል። ትንሽ ይንጫጫል እንጂ ይታጠፋል።»

ማንንም እያሰበ ይበለው፣ እኔ የሰማሁትን ጻፍኩልሽ።

በማግሥቱ መጥረቢያውን ይዞ ባሕር ዳር ወጣ። ሸርጣኖቹን ከጀልባሽ ውስጥ አባረረ። ሳቢሪ ጣውላ አመጣ፣ ሽማግሌው ቶኬ የእንጨት ችንካር እየለኩ ያቀብሉታል። «አውራ ጣትዎን ያንሡ» ይላቸዋል እየመታ፤ «እርስዎ ዓይንዎን ይግለጡ» ይሉታል። ሥራው በሄደ ቁጥር ሽማግሌውን ማጥወልወሉ ተዋቸው፤ መሬት ላይ በመሆናቸው ነው ብዬ ብነግራቸው ተቀየሙኝ። አሁን ጎኖቿ ተዘግተዋል፣ ምሰሶዋ ቆሟል፣ ሸራዋን እኔና ቢሊያን ሰፍተናል። አፍንጫዋ ላይ ጌጡን ራሱ ቀረጸው፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀደም። የማን ናት ብለው ሲጠይቁት «እንግዶቹ መሄጃ ያስፈልጋቸዋል» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። እንግዶቹ የመሬት ሰዎች ናቸው፤ እናንተ ጋ ሲደርሱ ደሴቷ ላይ ጎጆ ነው የሚፈልጉት። ጀልባዋን ይዘው ምን ይሠራሉ?

የአመጣጣቸው ነገር እንዲህ ነው። አጎትሽ አዲሷን ጀልባ ይይዛል፣ ሳቢሪ በራሱ ጀልባ ይከተለዋል። የኮራሉ በር ላይ መሪውን ለሙክሲን ሰጥቶ ወደ ሳቢሪ ጀልባ ይሻገራል፤ ለቆጠራው እዚህ መገኘት አለበት። «ነፋሱ ሳይዞርብኝ ልመለስ» ይላችኋል። እንዳትሰሙት። በዚህ ወር ነፋሱ ጠዋትም ማታም ከሰሜን ነው፣ የትም አይዞርም። ቆጠራው እስኪደርስም ጊዜ አለው። ስለዚህ ሙክሲን ብቻውን አይውጣ። አንቺም ልጁን ይዘሽ ውጪ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ካሳቫ ነጋዴው ነው። ቀርከሃ ውስጥ አድርጌ ድንጋይ አሥሬበታለሁ፤ ፍተሻ ካጋጠመው ባሕር ውስጥ ይለቀዋል። ልጅ መውለድሽን የነገረንም እሱ ነበር። ያን ቀን አጎትሽ ያልሰማ መስሎ ገመዱን ሲያጠነጥን ቆየና፣ ሰውየው ሊሄድ ሲል «የሙክሲን ጀልባ ጣሪያዋ ያፈስሳል?» ብሎ ጠየቀው። ነጋዴው አላውቅም አለ። ይህ ሰው ደግሞ የሚፈለገውን ነገር መቼም አያውቅም።

ቢሊያንን እንደ እህትሽ ያዢያት፤ ሠራተኛ ናት፣ ብዙም አታወራም፣ ናፍቆቷን በሥራ ነው የምትገፋው። ስዊም ለልጅሽ ጥሩ ሞግዚት ትሆናለች። ካጎነበሰችልሽ አትሳቂባት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ቢሊያን ጀልባዋ ውስጥ ዕቃ ስታደላድል፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ወፍራም ወጋግራ ላይ የተተከለ የእንጨት መንጠቆ አየች። ለስላሳ ነው፣ በቆዳ ታሽቶ ታሽቶ የሚያበራ። «ይህ ለምንድን ነው?» ብላ አጎትሽን ጠየቀችው። «ዓሣ ለማድረቅ» አላት።

በእኛ ዘር ጣሪያ ሥር ዓሣ ያደረቀ ሰው የለም። እዚያ ቦታ ላይ የሚሰቀለው የሕፃን ማስተኛ ዥዋዥዌ ነው፤ አንቺም ያደግሽው እሱ በሠራው መንጠቆ ላይ ተንጠልጥለሽ ነው። ከሦስቱ እንግዶች ደግሞ ሕፃን የያዘ የለም።

ለኢንታን እንዳትነግሪ ብሎኛል። አልነገርኩሽም፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

አላህ የጀልባችሁን ሥር ከአለት ይጠብቅ፣ ልጅሽን በእናቱና በአባቱ ክንድ ያሳድገው፣ የሄዱትን በሰላም ያግባ፣ የሚጠብቁትንም አያሳፍር። ጨረቃዋን ተከታተዪ።

እናትሽ ሳራፒያ