የእጀታው ጥርስ

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ዲላ

ለስላሳ ሆኖ ወጣ። በኮምፒዩተሩ ላይ ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር ይታይ የነበረው የቡና መፈልፈያ እጀታ፣ ማሽኑ ከእንጨት ሲቀርጸው እንደ ሻማ ለስላሳ ሆኖ ወጣ። የወርክሾፑ ባለቤት ጋሽ ደምሴ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አገላብጠው አዩትና፣ «በዓይን የሚጨበጥ ጥርስ ነው እንዴ የሠራኸው?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። አልሙኒየም የሚያቀልጠው ተካልኝ ደግሞ፣ «ለገደብ ሰዎች ኮምፒዩተሩን ራሱን እንላክላቸው፤ እሱን ይዘው ያዙሩ» አለ። ከሁሉም የእርሱ ሳቅ አቃጠለኝ።

ጥፋቴን ያወቅሁት ከሰዓት በኋላ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ትእዛዞች አሉ፤ አንዱ በዕቃው ላይ የጥርስ ሥዕል ያለብሳል፣ ሌላው ዕቃውን በእውነት ይቦረቡራል። ማሽኑ ሥዕል አያነብም። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለተማርኩ የማውቀው የእንግሊዝኛውን ቃል ሳይሆን የምልክቱን መልክ ነው፤ የሁለቱም ምልክት ደግሞ ፍርግርግ ነው። ፍርግርግ አየሁ፣ ነካሁ።

ቅዳሜ ገደብ ያሉት ቡና አጣቢዎች እጀታውን በእጅ መፈልፈያቸው ላይ ገጥመው ይሞክሩታል። የድሮው ለስላሳ በመሆኑ በቡናው ልጋግ ከእጃቸው እያመለጠ አስቸግሯቸዋል። ይህኛውን ካልወደዱት እኔ ከኮምፒዩተሩ ተነሥቼ ወደ ብየዳ እመለሳለሁ። ጋሽ ደምሴ ይህን የተናገሩት በቁጣ ሳይሆን ሻይ እየጠጡ ነው፤ ስለዚህ እውነት ነው። ደብረ ታቦር ላለችው እናቴ «ኮምፒዩተር ላይ ነኝ» ካልኳት ገና መንፈቅ አልሞላም። ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ዛሬ የጠላኋቸው ነገሮች፦ መብራቱ። ሲከፈት የሚያቃስተው ኮምፒዩተር። የጋሽ ደምሴ ምርጫ። እኔ ራሴ።

አንድ ሰያፍ ቦይ ሣልኩ፤ በእጀታው ዙሪያ አባዛሁት። ከዚያም በተቃራኒው አቅጣጫ ሌላ ሰያፍ ሣልኩና እርሱንም አባዛሁት። ቦዮቹ ሲቋረጡ በመካከላቸው ሹል ሹል ጉብታዎች ይቀራሉ፤ እጅን የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ግን ቦዮቹ በበዙ ቁጥር እየደነዘዘ ሄዶ ቆመ። ጠበቅሁት። ነፍስ ሲዘራ መብራቱ ጠፋ። ሴቭ አላደረግሁም ነበር።

ቀጥ ያለ ቦይ ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር። ጋሽ ደምሴ፣ «የለም፣ ይጠላለፍ። የውጭ ዕቃ ይምሰል» አሉ። የውጭ ዕቃ! ቡናው የፋብሪካ ስም ያነብባል? ይህን አልተናገርኩም። ለእርሳቸው ያልመለስኩላቸውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ጥርሱ በእንጨቱ ላይ ተቀረጸ። በጣቴ ስዳስሰው ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ምሳ ብቻ ቆየ።

ተካልኝ የእንጨቱን ሞዴል በአሸዋ ቀብሮ ሲያወጣው፣ አሸዋው በጥቃቅኑ ጥርስ መካከል ተጣብቆ ቀረ፤ አልሙኒየሙ የሚፈስበት ቅርጽ ተፈረፈረ። ጥርሱ ደቃቅ ነው አለኝ። አሸዋህ ነው የማይረባው አልኩት፤ እየጮህኩ። እርሱ አልተቆጣም። «አንተ ጎንደሬ፣ ብትጮህባት አሸዋዋ ትፈራለች? ሂድ፣ ሞዴሏን ጥርሷን ሰፋ አርጋት፣ አፏንም ከፈት አርጋት፤ ሳትነክስ ትውጣ» አለኝ።

ትክክል ነበር። ይህም አናደደኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ጥርሱን አሰፋሁ፤ የቦዮቹንም ጎን ወደ ውጭ አጋደልኩ። ኮምፒዩተሩ አልቆመም። ሴቭ አደረግሁ፤ ደግሜ አደረግሁ። ማሽኑ አዲስ ሞዴል ቀረጸ፤ ከሰዓት በኋላ ተካልኝ አልሙኒየሙን አፈሰሰ። እጀታው ከአሸዋው ሲወጣ ጥርሱ አንድም አልጎደለም። እጄን ዘይት ቀብቼ ጨበጥኩት፤ አላመለጠኝም።

ጋሽ ደምሴ «እንዲህ ነው!» ብለው ጀርባዬን መቱኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ጽሑፌ የተበላሸው በእጄ ምክንያት ነው።

ጋሽ ደምሴ፣ ተካልኝና እኔ ገደብ ሄድን። መፈልፈያው በግራም በቀኝም መዘውር አለው፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ያዞሩታል። አዲሱን እጀታ በቀኙ ገጠምን። ወይዘሮ ብርቱካን የሚባሉ አጣቢ ያዙት። ቀይ ቡናው ይገባል፣ ገለባው በአንድ ወገን ፍሬው በሌላ ወገን ይወጣል፤ እጃቸው በልጋግ ርሶ እንኳ አላመለጣቸውም። ጋሽ ደምሴ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ዙሪያቸውን ያዩ ነበር።

ከዚያ ሴትዮዋ ቆሙ። መዳፋቸውን አዩ። ከወገባቸው ጨርቅ ፈትተው እጀታው ላይ ጠመጠሙና ማዞራቸውን ቀጠሉ። የሳምንት ልፋቴ በጨርቅ ተጠቀለለ!

«ጨርቁ ለምንድን ነው እመቤት?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ይነክሳል።»

«እንዳያመልጥ ነው እኮ የሚነክሰው!»

«አላመለጠም። እጄን ግን በላኝ። ና እስቲ ልጄ፣ አንተ አይደለህ የሠራኸው? አንተ አዙረው።»

አዞርኩ። ብዙም ሳልቆይ መዳፌ ተላጠ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። እጀታው በመዘውሩ ላይ በብሎን ጠብቆ ታስሯል፤ አይዞርም። መዘውሩ በተሽከረከረ ቁጥር በጥርሱ ላይ የሚዞረው የሰው መዳፍ ነው። እኔ እጀታውን በማውስ ሳገለባብጠው ሰንብቼ፣ የሚይዘው እጅ ወዴት እንደሚዞር አንድ ጊዜም አላሰብኩም።

ጋሽ ደምሴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ጅሉስ እኔ ነኝ፤ ለአራተኛ ክፍል ኮምፒዩተር ያስያዝኩት!» አሉ። ደሜ ፈላ። ያልኳቸውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ጋሼ፣ ጥርሱ ይጠላለፍ ያሉት እርስዎ ነዎት። እጀታው እንዴት እንደሚታሰር ያልጠየቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለታችንም አጥፍተናል። ቀዳዳውን አስፍተን በዘንግ ላይ እናሽከርክረው፤ ያን ጊዜ እጀታው ከእጅ ጋር ይዞራል፣ ጥርሱም መዳፍ አይፍቅም።»

መዘውሩን ከነእጀታው ፈትተው መኪና ላይ ጫኑ። ወደ ዲላ ተመለስን። ተካልኝ ስንወርድ፣ «ዛሬስ ወንድ ሆንክ፤ ሰኞ ግን እንጃልህ» አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ማንም አልደወለም። ለእናቴ ልደውል ስልኬን አነሣሁና ተውኩት። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮምፒዩተር የሚችል ወጣት ሞልቷል፤ ጋሽ ደምሴ ለመፈለግ አይደክማቸውም።

በተናገርኩት አልጸጸትም። እጸጸታለሁ። አልጸጸትም። ያን ስድብ ግን ለምን በአጣቢ ሴቶቹ ፊት?

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ተካልኝ ምንም ሳይጠይቀኝ የእጀታውን ቀዳዳ በቶርኖ ማሽን አሰፋው፤ ዘንግ አስገብተን ጫፉን በፒን ያዝነው፤ መዘውሩን ጠረጴዛው ላይ ባለው የብረት መያዣ፣ በሞርሳ፣ አሰርነው። አዞርኩ። እጀታው በመዳፌ ውስጥ እንደተያዘ በዘንጉ ላይ ይሽከረከራል። የተላጠው እጄ እንኳ ቻለው።

ጋሽ ደምሴ ገቡ። መዘውሩን ተቀብለውኝ ራሳቸው አዞሩት፤ ቆሙ፤ እንደገና አዞሩት። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። እዋሻለሁ፣ ጠብቄ ነበር። በሩ ላይ ደርሰው ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ዘንጉንም ጨምረህ እንደ አዲስ ሣለው። ገደቦች ለግራው መዘውርም ይፈልጋሉ» ብለው ወጡ።

ንዴቴ አልበረደም። ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ።