ረጅሙ የፊት ወንበር

ልጄ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ። የአባትሽን መኪና የሚያድሰው መካኒክ «መኪና ብቻዋን ከተተወች ትሞታለች» ሲል ሰማሁትና፣ ከሰዓት ከሰዓት ጋራዥ እየሄድኩ ውስጧ እቀመጣለሁ። እስካሁን ደህና ናት።

መካኒኩ የፊቱን ረጅም ወንበር አውጥቶ ሁለት ዘመናዊ ሊያስገባላት አምሮታል።

«ይመችዎታል እማማ፣ ወገብዎን ይደግፋል» አለኝ።

የጋራዡ ላሜራ ቀጥቃጭ ጮኸበት፦ «ኦሪጅናሉ ከተነካማ ምኑን መኪና ሆነች? ቆርቆሮ በላት!»

ተፋጠጡና ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ወገቤ ለዘመናዊው መሰከረ። እኔ ግን አንቺ በእኔና በአባትሽ መካከል ትቀመጪበት የነበረው ቦታ እንዳይጠፋ ብዬ «እንዳለ ይሁን» አልኩ።

በይ እንግዲህ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ካልከበደሽ መንዳት ተምረሽ ነይ። እኛ ቤት መንዳት የሚችል አባትሽ ብቻ ነበር።