በእናታችን ቤት ላይ እንዳትፈርም

ለውድ ወንድሜ ለሌሙኤል፣

«ቬርዴል መርሳት ጀምራለች፣ ቤቱን ለመሸጥ ተስማምታ አረጋውያን መኖሪያ ልትገባ ነው» መባሉን ትናንት ማታ ባለቤትህ ኦዴሳ ደውላ ነገረችኝ። ውሸት ነው። አልረሳሁም፣ አልተስማማሁም፣ የትም አልገባም።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጸናልህ ወይ? የኦዴሳስ የደም ግፊት ወረደ? የልጅ ልጅህ ኒያ ማንበብ ለመደች? እኔ ከወገቤ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። ያስተማሩን የካቶሊክ ሲስተሮች ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ይሉ ነበር። ዛሬ ቅደም ተከተሉን ያፋለስኩት ውሸቱ ከሰላምታዬ ቀድሞ ስለደረሰህ ነው።

ልጅህ ጄረል በጸደይ ወደ እኔ ሲመጣ፣ «አደራ፣ ሥራ እስኪይዝ አንቺ ዘንድ ይቆይ» ብለኸኝ የእናታችንን ክፍል ለቀቅኩለት። ብዙም ሳይቆይ የቤት ንግድ ሥልጠና ገባ። ደላላ ልትሆን ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «አይ አክስቴ፣ ከባለቤቱ ጋር በርካሽ እዋዋልና ውሉን ቤት ገዝቶ ለሚያድስ ሰው በበለጠ ዋጋ አስተላልፍለታለሁ። ቤቱን እኔ አልገዛውም» አለኝ። ያልገዛኸውን ልትሸጥ ነዋ ስለው ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ቀጥሎ፣ «የእድሳት ወጪ መገመት ካልቻልኩ ገዢዎቹ መሳቂያ ያደርጉኛል። በዚህ ቤት ልለማመድ» አለኝ። ባትሪ ይዤ ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት አዞርኩት። ጭስ መውጫው ሥር የጣሪያው ሬንጅ መሰንጠቁን፣ የፍሳሽ ቱቦው ማርጀቱን አሳየሁት። የምድር ቤቱ ግድግዳ ዝናብ ሲጥል የሚያልበው በጎረቤት አሸንዳ መሰበር እንጂ በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ነገርኩት። እናታችን እንደ መንደሩ ሁሉ የፊቱን ጡብ ድንጋይ አስመስላ በሲሚንቶ አስለብሳው የለም? ጡቡ ከውስጥ ጤነኛ መሆኑን፣ ማሞቂያውም አዲስ መሆኑን አልደበቅሁትም። ለሐኪም ገላን እንደማሳየት ነበር የቆጠርኩት።

ቅዳሜ ዕለት እንደ ልማዳችን የደጃፉን እብነ በረድ ደረጃ ተንበርክኬ ስፈትግ አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ከአንድ ግንበኛ ጋር መጥቶ ቆመ። «እማማ፣ ከእንግዲህ ይሄ ልፋት ይቀርልዎታል» አለኝ። ለምን ስለው ግንበኛውን አየት አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ድምፁን አለሰለሰ፦ «ጄረል ቤቱን እንደምንገዛ ነግሮዎት ነበር እኮ፤ ረስተውት ይሆናል። ስለሚረሱም ‹ከእኔ ጋር ብቻ ተነጋገሩ› ብሎናል። ወንድምዎም በሚመጣው ሳምንት ይፈርማሉ።»

ግንበኛው፣ «ምድር ቤቱ ፈርሶ ይሠራል፤ የፊቱም ጡብ በስብሷል» አለ። ብሩሼን አስቀምጬ ስለ አሸንዳው፣ ስለ ጡቡ፣ ስለ ማሞቂያው አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀና፣ «እማማ፣ የረሱት ነገር ያለ አይመስለኝም» ብሎ ሄደ። ሄደ እንጂ መግዛቱን ተወ ማለት አይደለም።

ጄረል ወጥ ቤት ሾርባዬን እየጠጣ ነበር። «ገበያ ነው አክስቴ። የቤቱ ጉድለት ሲበዛ ነው ዋጋው የሚወርደው» አለኝ። ትረሳለች ያልከውስ ስለው ማንኪያውን አስቀመጠ። «አባቴ አንቺን ቢጠይቅ ኖሮ እሺ አይለኝም ነበር» አለ።

ሌሙኤል፣ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይህ ነው። ባትሪ ይዤ ያሳየሁት ገመና የቤቴን ዋጋ ማውረጃ ሆነ። የበለጠ ያመመኝ ግን አንተ አለመጠየቅህ ነው። የስልክ ቁጥሬ እናታችን ስልኩን ካስገባች ጀምሮ አልተለወጠም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የደብራችንን ጠበቃ ጠየቅሁ። አንተ ከእናታችን የወረስከውን ድርሻ ብትሸጥ፣ ገዢው ፍርድ ቤት ከሶኝ ቤቱ ሁሉ በግድ እንዲሸጥ ማድረግ ይችላል። ፊርማህ እኔን ከእናቴ ቤት ያስወጣኛል ማለት ነው። ኦዴሳን እንዳይፈርም ንገሪው ብያታለሁ። አሁን ደግሞ በእጄ ጽፌልሃለሁ፤ መርሳት አለመርሳቴን ከጽሕፈቴ ፍረድ። መልስህን አንተው በራስህ እጅ ጻፍልኝ፤ በልጅህ በኩል አልቀበልም።

እውነቱን ደውላ ስለጠየቀችኝ ለኦዴሳ ምስጋናዬን አድርስልኝ። ኒያን ሳምልኝ፤ ጮክ ብላ ታንብብ በልልኝ። ላንተም እንደ ድሮው ሰላምታዬ ይድረስህ፤ እህትነቴን አልተውኩም።

ነገ ጠዋት በመጀመሪያ ከጄረል ቁልፉን እቀበላለሁ። ቁርሱን አብልቼ ሻንጣውን እስከ በር አደርስለታለሁ። ደብዳቤውን በአስቸኳይ ፖስታ እልካለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ሰዎቹ ሲያቋርጡኝ ሳይፈተግ የቀረውን የታችኛውን ደረጃ እጨርሳለሁ።

እህትህ ቬርዴል
ባልቲሞር፣ ሰኞ ኦክቶበር 14 ቀን 2019