ዜሮን የነካው መስመር

ሰኞ፣ ጁላይ 8
ጠዋት ዓሣ አሰጣሁ። ከሰዓት ጤና ኬላ፤ ትኩሳት ይዟቸው የሚመጡትን ልጆች እጅ የምይዘው እኔ ነኝ። ከአንድ ልጅ ደም ሁለት ጠብታ፦ አንዱ ለአሮጌው የደንጌ፣ የትንኝ ትኩሳቱ፣ መመርመሪያ፣ አንዱ ለአዲሱ። እውነቱን በኋላ የከተማው ላቦራቶሪ ይነግረናል። አዲሱ ካልበለጠ ጤና ቢሮው አይገዛልንም። አሮጌው... አምና ልጄን ጆቫንን "የለበትም" ያለው ነው። አምኜ ወደ ቤት መለስኩት፤ በዚያው አጣሁት።

ጁላይ 19
ውጤት! ጥናቱን የምትመራው ማም ሬማ ሰሌዳ ላይ መስመር አሰመረች። "የሁለቱ መመርመሪያዎች ልዩነት እዚህ መስመር ውስጥ የሆነ ቦታ ነው፣ ናናይ።" ናናይ፣ እናቴ፣ ትለኛለች። መስመሩ ከዜሮ በላይ! ዜሮ ማለት አይበላለጡም፣ ከዜሮ በላይ ማለት አዲሱ በለጠ ማለት ነው። ጎረቤቴ ማናንግ ፕሬሲ ዘለለች።
"አሳማ እንረድ!"
"የማንን?"
"ያንቺን ነዋ!"

ጁላይ 20
ማም ሬማ ፊቷ ጠቁሯል። የትናንቱ ቀላሉ ስሌት ነው አለች፤ ልጆቹ ጥቂት ሲሆኑ መስመሩን ከልክ በላይ ያሳጥረዋል። ለጥቂቶች የሚሆነውን ሌላውን፣ ጥብቁን ስሌት፣ ሠራች። መስመሩ ረዘመ። ጫፉ ዜሮን ነካ።
"እና ለጤና ቢሮው ሰዎች የመጀመሪያውን አሳዪያቸዋ!" ጮህኩባት።
"ሁለቱም መመርመሪያ እኩል የመለሱላቸው ልጆች የትኛው እንደሚበልጥ አይነግሩንም፣ ናናይ። የሚነግሩን የተለያዩባቸው ናቸው። እነሱ ደግሞ በጣት ይቆጠራሉ።"
"ልጄስ?"
ቀስ ብላ፣ "ጆቫንን የጎዳው እኮ እርግጠኛ የመሰለ መልስ ነው።"
ተነስቼ ወጣሁ።

ጁላይ 22
እውነቷን ነው። ተመለስኩ። ከመጀመሪያዎቹ ልጆች ጋር ሳይደመሩ፣ በብዙ አዲስ ልጆች፣ ከዜሮ እንጀምራለን።
"በየትኛው ስሌት እንደምንፈርድ አስቀድመን እንወስን" አለች።
"በጥብቁ!" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት... እኔው!

ሴፕቴምበር 3
ጀልባ፣ ዝናብ፣ ጀልባ። ትኩሳት የያዛቸውን ልጆች ፍለጋ ሦስት ደሴት አዳረስኩ። የጀልባው ካፒቴን ሲያየኝ፣ "የደም ነጋዴዋ መጣች!"
"ባክህ ልጅህን አምጣ!"
አመጣ። ስንት እናት እሺ አለችኝ!

ኖቬምበር 15
ማም ሬማ ጥብቁን ስሌት አስቀድማ ሠራች። እጄን ጨብጣ ነበር። መስመሩ ዜሮን አልነካም፤ ከበላዩ ነው! ቀላሉንም ሠራች፤ ጎን ለጎን ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም። ልጆቹ ሲበዙ ስሌቶቹ ይቀራረባሉ አለች። አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ሁለቱንም ባንዴ።

ዲሴምበር 9
አዲሱ መመርመሪያ ኬላችን ገባ። ዛሬ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ አይኗ ቀልቷል። "አለባት" አለ። እናትየዋን እየገፋሁ ወደ ሆስፒታሉ ጀልባ።
"ምን ያጣድፍሻል፣ አንቺ እብድ! ጫማዬን እንኳ ላድርግ!"
እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሰድቤ አላውቅም።