ጠርሙሶቹን አትክፈቺ

ይድረስ ለእህቴ ለቬልማ፤

እንዴት ከርመሻል? የጉልበትሽ ቁርጥማት እንዴት አደረገሽ? ባልሽ ሮስኮ ወጥመዱን ለማየት ዛሬም ብቻውን ይወጣል? ልጅሽ ጆሊንና ሕፃኗስ ደኅና ናቸው? ይህን ሁላችሁም በጤና ሆናችሁ እንድታነቡት እየለመንሁ ነው የምጽፈው፤ ልመና እንደማላውቅ ታውቂያለሽ።

ቀቅዬ አሽጌ በኦክቶበር የላክሁልሽን ሃያ አራት ጠርሙስ የጥንቸልና የዶሮ ሥጋ አትክፈቺ። አትቅመሺ፤ ለውሾቹም አትስጪ። ሮስኮ ሰንቆ ወጥቶ ከሆነ ሰው ላኪበት። እዚያ ጫካ ስልክ ስለሌላችሁ በሬዲዮ መልእክት አስነግሬያለሁ፤ ግን አውቅሻለሁ፣ «እናታችን አርባ ዓመት አብልታናለች፤ ደግሞ ምን አመጡ!» ትያለሽ። ያንን አነጋገር ያስተማርሁሽ እኔ ነኝና በእጄ ጻፍሁት።

ባለቤቴ ናዲን ሆስፒታል ከተኛች አሥራ ሁለት ቀን ሆናት። እኔ አጥር ልጠግን በወጣሁበት ቀን አንዱን የጥንቸል ጠርሙስ ከፍታ፣ እሳት ሳታሳየው በዳቦ በላችው። ሽታውም መልኩም ደኅና ነበር። በማግስቱ «ሆበርት፣ ሁለት ሆነህ ትታየኛለህ፤ እኔ አንዱንም አልቻልሁት» ብላ ሳቀች። መነጽርሽን ጥረጊ አልኋት። በሦስተኛው ቀን የዓይኗ ቆብ ወደቀ፣ ምላሷ ተሳሰረ፣ ውሃ መዋጥ አቃታት። መኪናዬን ያስነሣሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሙሉ አባከንሁባት።

ሐኪሙ ምን እንደበላች ሲጠይቀኝ፣ በእኔ ቤት ሰው አይመረዝም አልሁት። «አባባ፣ እርስዎን አልከሰስሁም፤ ጠርሙሱን ብቻ ያምጡልኝ» አለኝ። አመጣሁ። መርዙ እዚያው ተገኘ። ማርከሻው ተሰጥቷታል፤ የተያዘውን ሰውነት ግን ወዲያው አይፈታም። አሁን የሚተነፍስላት መሣሪያ ነው። ወራት ይፈጃል ይላሉ፤ ትድናለች ብሎ የማለልኝ የለም።

የዚህ መርዝ ዘር በፈላ ውሃ አይሞትም፤ ጠርሙሱን ሦስት ሰዓት ብትቀቅይው እንኳ አየር በሌለበት ውስጥ ይራባል። እኔ ባለሁበት ተራራ ደግሞ ውሃ በደንብ ሳይግል ነው የሚፈላው። እናታችን ከመብላታችን በፊት ሁልጊዜ ደግማ ታንተከትከው ነበር፤ እሱና ዕድል አተረፉን እንጂ አስተሻሸጓ አይደለም። እኔ አስተሻሸጓን ብቻ እንደ ሃይማኖት ያዝሁ። ሮስኮ ግን በመንገድ ላይ ቀዝቃዛውን ነው የሚበላው።

ከስድስት ዓመት በፊት የወረዳው የግብርና ባለሙያ እንፋሎት የሚያምቀውን ድስት አሳይታን ናዲን ገዝታው ነበር። እኔ «ይቺ ልጅ ከእናቴ ልትበልጥ ነው?» ብዬ የዶሮ ጥሬ መስፈሪያ አደረግሁት። አሁን አጥቤ፣ መለኪያውን አስፈትሼ ልኬልሻለሁ። አጥንት ለሌለው ሥጋ በሊትር ጠርሙስ ዘጠና ደቂቃ ነው። የግፊቱ ልክ እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል፤ በመካከል ከወረደ ሰዓቱን ከመጀመሪያው ቁጠሪ። መጽሐፉ ውስጡ አለ፤ ከእኔ ቃል ይልቅ እሱን እመኚ።

የቀሩትን ጠርሙሶች ሣጥን ውስጥ ከተሽ ምስማር ምቺበት፤ በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲለሰልስ በጥልቀት ቅበሪው። ስንት እንደቀረ ጻፊልኝ። የበላ ሰው ካለና ዓይኑ ብዥ ካለው ወይም ምላሱ ከከበደው፣ የፖስታውን አውሮፕላን አትጠብቁ፤ በሬዲዮ ሌላ ጥሩ። እንደ እኔ መነጽር አታስጠርጊ።

ሮስኮን፣ እልኸኝነቱን ለእኔ ይተውልኝ በይው። ጆሊንን፣ አጎትሽ ተሳስቷል በያት፤ በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። ሕፃኗን ሳሚልኝ። ከናዲን ሰላምታ አልጨመርሁም። ራሷ እስክትናገር ድረስ በስሟ አልናገርም።

ወንድምሽ ሆበርት
ሊዶር፣ አይዳሆ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1987