ወይዘሮ አርዲስ ቲመርማንና ጥንዶቹ ብርድ ልብሶች

ወይዘሮ አርዲስ ቲመርማን ከአባታቸው ከአቶ ኤሚል ሃቭሊክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮዛሊ፣ በኔብራስካ ግዛት ከብሉ ፎርክ ከተማ በስተሰሜን ባለው የሃቭሊክ እርሻ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1944 ተወለዱ። በረዶ በሩን ዘግቶት ስለነበር አዋላጇ የገቡት በመስኮት ነው። ታላቅ እህታቸው ቨርና ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ውሃ አሙቂ ተባለች፣ አሞቀች። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውም እሷው ናት። ዲግሪ የጫኑት የልጅ ልጆች "እኛ እንጻፈው" ብለው ነበር። አርዲስን ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት ስለሌለ እምቢ አለቻቸው።

ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ብርድ ልብሶች ተዘርግተዋል። አንዱ ከአርዲስ ጋር ይቀበራል፤ አንዱ እዚህ ይቀራል። የቱ ሄዶ የቱ እንደሚቀር ሰዉ ሲጠይቅ ሰንብቷል። ተራው ሲደርስ ይነገራል።

ወይዘሮ አርዲስ ባለ አንድ ክፍል በሆነች የገጠር ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ተምረው፣ በከተማ ሁለተኛ ደረጃን በ1962 ጨረሱ። ቨርና ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ላም ታልብ ስለነበር እሳቸው ለመማር ጊዜ አገኙ። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ የሆነው ይኸው ነው። ስፌት ሁለቱም ከእናታቸው ጉልበት ስር ተማሩ፤ ጨርቁ የዶሮ መኖ የመጣበት አበባማ ከረጢት ነበር። የቨርና ስፌት እንደ ገመድ የቀና ነው፤ እስከ ዛሬም ነው። አርዲስ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀጥ ያለ መስመር አይወዱም ነበር። እናታቸው በጣታቸው ጫፍ ጭንቅላታቸውን መታ እያደረጉ ስንት ጊዜ አስተርትረዋቸዋል።

ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ ስልክ ቤት ገብተው ሦስት ዓመት አገለገሉ። በሰኔ 1965 የእህል ጎተራ ሠራተኛ የነበሩትን አቶ ድዌይን ቲመርማንን አገቡ። አቶ ድዌይን ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ዝምታቸው ግን ሰውን አይከብድም።

በየካቲት 1967 የመጀመሪያ ልጃቸውን ወለዱ። ሴት ነበረች፤ ሳትተነፍስ ተወለደች። ነርሷ በፎጣ ጠቅልላ ይዛት ወጣች። አርዲስ አላቀፏትም። ክርስትና ስላልተነሳች፣ ቄሱ በጊዜው ወግ እንዳዘዙት፣ አቶ ድዌይንና የአርዲስ አባት በመቃብሩ ስፍራ ታችኛው ጥግ፣ የሽቦ አጥሩ ስር ቀበሯት። ድንጋይም አልቆመላት። ቨርና ላሞቹ የሚወልዱበት ሰሞን ነው ብላ አልሄደችም። በስልክ "ገና ወጣት ነሽ፤ ሌላ ትወልጃለሽ" አለቻቸው። አርዲስ "እሺ" ብለው ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ወሬው በሁለቱ መካከል አልተነሳም።

በ1969 ክሬግን፣ በ1972 ጆሊንን ወለዱ። በከተማው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገብተው ሠላሳ አንድ ዓመት ሠሩ፤ አብዛኛውን ዘመን ኃላፊ ሆነው። የብሉ ፎርክ ጎልማሳ ሁሉ የሳቸውን የድንች ገንፎ በልቶ ነው ያደገው። ያማረረም ካለ ደግሞ ሳህኑን ጠርጎ ነው ያማረረው። አቶ ድዌይን በ2009 ዐረፉ።

በ2011 ወይዘሮ አርዲስ ከሰባት ሴቶች ጋር የብሉ ፎርክ ዘመናዊ ብርድ ልብስ ሰፊዎች ማኅበርን በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት መሠረቱ። ጨርቅ ቆራርጦ በመገጣጠም ብርድ ልብስ መሥራት ለዚህ አገር ሴት አዲስ ነገር አይደለም። እነሱ ያመጡት አዲሱን አሰፋፍ ነው፤ ሰፊ ነጭ ወይም ግራጫ ሜዳ ይዘረጉና ከአንድ ጎኑ ጥቂት ቀለም ጣል ያደርጋሉ። በተከታዩ ዓመት በአውራጃው ዐውደ ርእይ ላይ ሲሰቅሉት ቨርና አይታ፣ ሰው እየሰማት፣ "ጨርቅ አለቀባችሁ እንዴ?" አለቻቸው።

አርዲስም "ባዶውም ሥራ ነው ቨርና፤ አንቺ ዝም ማለት ስለማትችዪ አይገባሽም" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ቨርና ሁለት ዓመት ወደ ምድር ቤቱ አልወረደችም።

ማኅበሩ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ይሰበሰባል። ቤት የተቃጠለባቸው ቤተሰቦች አመዱ ሳይበርድ ብርድ ልብሳቸው ይደርሳቸዋል። ከወላጆቻቸው ተለይተው ወደ ሌላ ሰው ቤት የሚላኩ ልጆች ልብሳቸውን በቆሻሻ ከረጢት ይዘው እንደሚሄዱ አርዲስ ከሰሙ ወዲህ፣ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ብርድ ልብስና አንድ የጨርቅ ቦርሳ ይሰፋል። ወንዙ የሞላ ዓመት መንገዱ ተቆርጦ ሳለ በትራክተር ወስደዋል። በወረርሽኙ ጊዜ የፊት መሸፈኛ ሲሰፉ ቨርና የሙሽርነት አንሶላዋን ቆርጣ ሰጠች፤ ማንም አልጠየቃትም። የሰጪ ስም አይጻፍም፤ ምስጋናም አይጠበቅም። ይህን ሕግ ያወጡት አርዲስ ናቸው።

ሌላም ሕግ አላቸው። በ2013 ከሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል አንዲት ነርስ መጥታ፣ ሞተው ለሚወለዱ ሕፃናት መጠቅለያ ትንሽ ብርድ ልብስ ትሠሩልን ወይ ብላ ጠየቀች። አርዲስ ከወንበራቸው ሳይነሱ እንዲህ አሉ፦

"አንድ አይበቃም፤ ሁለት ነው። አንዱ ከልጁ ጋር ይሂድ፤ አንዱ ከእናትየዋ ጋር ይቅር። ባዶ እጇን ወደ ቤት የገባች ሴት አውቃለሁ።"

ያቺ ሴት ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ከአንድ ጨርቅ ይቆረጣሉ፣ በአንድ ሰው እጅ በአንድ ቀን ይሰፋሉ፣ በጥብጣብ ታስረው ይላካሉ። አንዱ ከአንዱ በምንም አይለይም። ቨርና በ2014 የማኅበሩ አባል የሆነችውም ለዚህ ሥራ ነው። ሴቶቹ በስፌት መኪና ይገጣጥማሉ፤ ዙሪያውን በእጅ የምትቀመቅመው እሷ ናት።

በጥቅምት 2017 ቨርና አርዲስ ቤት ሄዳ የሚቀመቀም ሥራ ስትፈልግ፣ መሳቢያ ውስጥ ገና ጥጥና ገበር ያልገባባቸው ጥንድ ብርድ ልብሶች አገኘች። ሁለቱም ሙሉ ነጭ ናቸው፤ ከታች ከጥጉ ብቻ የጥፍር ያህል ቀይ ጨርቅ ተሰፍቶባቸዋል። የእህቴ ዐይን ደከመ፣ ቦታውን ሳተች ብላ አዘነች። መቀሷን አወጣች፤ የአንዱን ቀይ ተርትራ፣ ለክታ፣ ልክ መሃሉ ላይ ሰፋችው። በካውያም ተኮሰችው። ሁለተኛውን ስታነሳ አርዲስ ገቡ።

"ማነው የነካው?"

"እኔ ነኝ። ጠሞብሽ ነበር፤ አቃናሁልሽ።"

አርዲስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ፣ "አልጠመመም" አሉ። "ነጩ የመቃብሩ ስፍራ ነው። ቀዩ እሷ ናት። እዚያ ነው ያለችው፤ አጥሩ ስር።"

ቨርና መቀሱን እንደያዘች ቀረች። እመልሰዋለሁ ብትል አርዲስ ከእጇ ወሰዱባት። ሁለቱንም እንዳሉ ጥጥና ገበር አስገቡባቸው፤ አንዱን ከጥጉ፣ አንዱን ከመሃሉ። እንድትቀመቅማቸው ለቨርና ሰጧት። በማኅበሩ ታሪክ የማይመሳሰሉ ጥንዶች እነዚህ ብቻ ናቸው። አምስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኙ።

ወይዘሮ አርዲስ በ2022 መጸው ታመሙ፤ በሽታው የቆሽት ካንሰር ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። በ2023 ሚያዝያ ወር ወደ ቤታቸው ገቡ። ያኔ ቨርና ቀዩ መሃል የገባበትን ብርድ ልብስና ትንሿን መቀስ ይዛ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። በጠራራ ፀሐይ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነበር።

"ልተርትረውና ወደ ቦታዋ ልመልሳት" አለች። "ጥንድ ሆነው ይሂዱልሽ።"

"ተዪው" አሉ አርዲስ።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

"ድዌይንም፣ ቄሱም፣ እኔም ጥጉ ላይ ትተናት ኖርን። ሃምሳ ዓመት። ሳታውቂም ቢሆን ከጥጉ አንስተሽ መሃል ያስገባሻት አንቺ ነሽ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "እሱን ከኔ ጋር ክተቺው። የጥጉን አንቺ ያዢ፤ መንገዱን እንዳትስቺ።"

ቨርና መቀሱን ኪሷ ከተተች።

ወይዘሮ አርዲስ ቲመርማን በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ሐሙስ ግንቦት 11 ቀን 2023 ከቀትር በኋላ ዐረፉ። ቨርና እስከ አሁን አላለቀሰችም። ዓርብ ዕለት ጥብጣቡን ስታበጅ መርፌው ጣቷን ወግቷታል፤ ማኅበሩን ዛሬ የምትመራው ማርጎ "እትዬ ቨርና፣ ደም እኮ ነው" እስክትላት ድረስ አልተሰማትም። ቅዳሜ ምን እንደተደረገ አታስታውስም። ስንት ወንበር እንደተደረደረ ግን ታውቃለች።

ከኋላቸው ልጆቻቸው ክሬግና ጆሊን፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ እህታቸው ቨርና፣ ሃያ ሦስት የማኅበር ሴቶችና አይተዋቸው የማያውቁ ብዙ እናቶች ቀርተዋል። አቶ ድዌይን እና አንዲት ሴት ልጅ ቀድመዋቸዋል። ልጅቱ በሕይወት ታሪክ ላይ ስትቆጠር ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

ስለ ብርድ ልብሶቹ ለጠየቃችሁ ሁሉ፣ የሚሄደው ቀዩ መሃል ያለው ነው። ጥጉ ላይ የድሮው መርፌ ቀዳዳ አሁንም ይታያል፤ ካውያም አላጠፋውም። ምሳ እንደ ተለመደው ምድር ቤት ነው። ቨርና ግን አስቀድማ ወደ ታችኛው ጥግ፣ ወደ አጥሩ ትወርዳለች፤ ሌላውን ብርድ ልብስ ይዛ። ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ላሞቹ ከተሸጡ ቆይቷል። አብሯት የሚወርድ ካለ ይውረድ።

የአርዲስን ነፍስ ብርድ አይንካት። በፎጣ የወሰዱባትን ልጅ፣ ጌታ ሆይ፣ በእቅፏ መልስላት። አሜን።