የቡሬ ጡትና ያጌጠው መዥገር

ይድረስ ጅቡቲ ላሉት፣ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ያን ሙቀት ቻለው? እህቴ ፋጡማ ከአራስ ቤት በደህና ወጣች? ሕፃኑስ ጡት ይይዛል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን።

በአማና፣ በአደራ የሰጡኝ ላምዎ ቡሬ ተርፋለች! ይህን ሳልነግርዎ ሌላ ወሬ አልጀምርም። እርስዎ እንደሄዱ ጡቷን መዥገር ወረረው። በየጠዋቱ እለቅማለሁ፣ በማግስቱ እዚያው ቦታ ሞልቶ አገኘዋለሁ። አንዱ ጡቷ አብጦ ተደፈነ፣ ጥጃዋንም በርግጫ አባረረች። ባለቤቴ አደም ሳትሞት ለሥጋ እንሽጣት ሲለኝ ምን ብዬ ፊትዎ እንደምቆም ጨነቀኝ፤ አለቀስኩ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ! ጎረቤታችን ዘቢባ ማሻአላህ ሳትል ወተቷን አድንቃ ነበርና፣ ዓይኗ ነው የበላት ብዬ ኤረር በር ላይ ሰው በተሰበሰበበት ሰደብኳት።

ኋላ ዓሊዪ የሚባል የእንስሳት ሐኪም መጣ። የትኞቹን እንደምለቅም ጠየቀኝ። እናቴ እንዳሳዩኝ ደም የሞሉትን ወፍራሞቹን እለቅማለሁ፣ ጀርባው ያጌጠውን ጠፍጣፋውን ግን ምን አደረገኝ ብዬ እተወዋለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። ለካ ወፍራሞቹ ሴቶቹ ናቸው፣ ያጌጠው ወንዱ ነው! ጥቂት ቀን ደም ሲጠጣ ከርሞ ጠረን ይለቃል፤ ሴቶቹ በጠረኑ እየተመሩ ከሳሩ ይመጡና ሊጋቡት አጠገቡ ይጣበቃሉ። ሽማግሌ ሳይልክ፣ መህር ሳይከፍል ሚስት በሚስት የሚሆን ጉድ! እኔ ሚስቶቹን እየለቀምኩ ሙሽራውን አስቀምጬ ኖሯል። አይቀየሙኝ እንጂ፣ ይህችን ስህተት ከእርስዎ ነው የወረስኳት።

ወንዶቹንም አንድ በአንድ ነቅለን መድኃኒት ቀባናት። ዛሬ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ እብጠቱ ጎደለ፣ ከተደፈነው ጡት ወተት ወረደ፣ ጥጃዋም ይጠባል። እፎይ አልኩ እማዬ! አደምም ስለ መሸጥ አያነሳም።

ለፋጡማ፣ ለባሏ ለጀማልና ለአዲሱ እንግዳ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አደም ሰላም ብሎዎታል፤ ልጄ ሙሜ ጉልበትዎን ይስማል። ዘቢባም ሰላም ትላለች። ሁለት ወር ዝም ያልኩዎት ወድጄ አይደለም፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ የምትጽፍልኝ እሷ፣ በሰደበ አፌ እንዴት ብዬ ልለምናት? ትናንት ሄጄ አውፍ በይኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ፤ ዛሬ ራሷ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ስድቤን እንኳ ዝለይው ብላት እምቢ አለች፤ ይኸው አንዲት ቃል ሳትቀንስ ጽፋዋለች።

ልጅዎ ሙና
ሐረር፣ ኤረር በር
ሐምሌ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.